ከግድግዳው ማዶ የሚወቀጠው ቡና

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ትውልዴ ወልድያ ነው፤ እናቴ አሁንም እዚያው ናት።

ችግሬን ከየት እንደምጀምረው ስለማላውቅ ከእንቅልፌ ልጀምር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ስልኬን አነሳለሁ። የት ተተኮሰ፣ የት መንገድ ተዘጋ፣ ማን ታገተ እያልኩ ሳይ ይነጋል። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ ራሴን ያዞረኛል። ባለቤቴም እንደኔው ነው፤ እሱ ግን አይደብቀውም። ማታ ከሥራ ሲገባ ዩቲዩብ በቴሌቪዥን ይከፍትና ድምፁን ለቆ፣ እየተሳደበ ያያል። ስለ አገር እንጂ ስለ እኛ ማውራት ካቆምን ቆየን።

የምጽፍልዎ ግን ለሌላ ነገር ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤት አሉን። እትዬ ነው የምላቸው። የትግራይ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸው አድዋ ነው። ቤቱ ሲደርሰን የገባነው በአንድ ወር ነው። ትንሿን ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ቡና ሲወቅጡ ዘነዘናቸው በግድግዳው ይሰማል። መጥሪያዬ እሱ ነበር፤ ሌላ ጥሪ አልጠብቅም፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እሄዳለሁ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. አንድ ምሽት ሰዎች መጥተው ባለቤታቸውን ወሰዷቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ደረጃው ላይ ጫጫታ ሰምቼ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። እትዬ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ «ጎረቤቶቹን ጠይቁ፣ ሰላማዊ ሰው ነው» እያሉ ወደ እኔ በር ዞሩ። አንኳኩ። በስሜ ጠሩኝ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። አልከፈትኩም። ያን ጊዜ ወልድያ ተይዞ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ እናቴ ትኑር ትሙት ሳላውቅ አራተኛ ወር ይዞኝ ነበር።

ጋሼ በየካቲት ተፈቱ። ከስተው፣ ጢማቸው ነጭ ሆኖ ደረጃውን ሲወጡ አየኋቸው፤ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» ለማለት እንኳ ፊት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ አንገታችንን ሰበር አድርገን እንተላለፋለን። እትዬ የቡና ቁርስ የላኩበት ሰፌዳቸው እስካሁን እኔ ቤት ነው። አምና አባቴ አርፎ ቀብሬው ስመለስ እትዬ መጥተው፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ እነ እትዬ ጠላቶቻችን ናቸው እንዴ?» አለችኝ። «ማን ነገረሽ?» ስላት «ማንም» አለች።

ዓለሙ ሁሉ ተከፋፍሎ፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተፈራርቶ፣ እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ? እንቅልፌንስ ከየት ላምጣው? ዘነዘናው አሁንም ይሰማል። በሰማሁት ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ስለ አባትሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚህ የጀመርኩት ለወጉ ብቻ ብዬ አይደለም። የአባትሽን ዕረፍት በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፤ እኔን ይዞ ያቆየኝ ግን ያ መስመር ነው። እትዬ ለቅሶ መጡ። ያን ምሽት አንኳኩተው ያልተከፈተላቸውን በር በእግራቸው አልፈው ገቡ። ምን አስበው እንደመጡ አንቺም እኔም አናውቅም። የጉርብትና ወግ ይሆናል፤ ይሉኝታ ይሆናል፤ በሐዘን ቀን ቂም አይታሰብም ብለውም ይሆናል። የሆነው ሆኖ ያንን ደጅ መርገጥ ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያቅትሽም። የተቀመጡት በሩ አጠገብ መሆኑን አስተውለሽ ጽፈሽልኛል። ቤቱ በሰው በተሞላበት፣ አንቺም በሐዘን በደከምሽበት ሰዓት ይህ ዓይንሽ ውስጥ የቀረው ለምን ይመስልሻል?

እኔ ፈራጅ ሆኜ አልመልስልሽም። በዚያ ሰሞን ያልፈራ ሰው አላውቅም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ከታወጀ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ተይዘዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንዳሳሰበው በዚያው ወቅት ገልጾ ነበር። ብትከፍቺ ኖሮ ጋሼ ይቀሩ ነበር? አይመስለኝም። አንቺም ይህን ሳታስቢው አልቀረሽም፤ ሌሊት ሌሊት «ብወጣም ለውጥ አላመጣም ነበር» እያልሽ ራስሽን ሳታባብይ አትቀሪም። እውነትሽን ነው። ግን እትዬ ያን ሰዓት ከአንቺ የፈለጉት ባላቸውን ከሰዎቹ እጅ እንድታስጥዪላቸው ብቻ አይመስለኝም። ደረጃው ላይ ብቻቸውን እንዳይቆሙም ነበር። የጎደለባቸው እሱ ነው። አንቺንም ለአራት ዓመት እንቅልፍ የነሳሽ እሱው ይመስለኛል፤ «ለውጥ አላመጣም ነበር» የሚለው ማባበያ የማይሠራልሽም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ተይዛ በቆየችባቸው ወራት የእናትሽን ድምፅ ሳትሰሚ ከረምሽ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት እትዬስ? ትግራይ ውስጥ በሰኔ 2013 ስልክ ዳግም ሲቋረጥ፣ መመለስ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ማለት ነው። ሁለታችሁም በየቤታችሁ እየደወላችሁ፣ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለዋን ያችኑ ድምፅ ትሰሙ ነበር። ይህን የማነሳው የማን ሕመም እንደበለጠ በሚዛን ላስቀምጥ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሚዛን የለኝም። በዚያ ፎቅ ላይ ጭንቀትሽን ሳታስረጂው የሚገባው ሰው ቢኖር እትዬ ነበሩ፤ የእሳቸውም የሚገባው ለአንቺ ነበር። አንዳችሁ ለሌላችሁ በምታስፈልጉበት ሰዓት ተለያያችሁ። ይህ ብቻውን ሊለቀስለት የሚገባ ነገር ነው፤ እስካሁን አልቅሰሽለት ታውቂያለሽ?

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። በስምንት ሰዓት ስልክሽን የምታነሺው ዜና ፈልገሽ አይመስለኝም። የምትፈልጊው «እናትሽ ደህና ናት» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ያንን ቃል ደግሞ ፌስቡክም ቴሌግራምም አይሰጡሽም። እነሱ የሚሰጡሽ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ከሱ ሥር ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ሰውነታችን ሲፈራ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፤ አደጋ ሲመጣ እንድንሮጥ ወይም እንድንመክት ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝተሽ የተኩስ ቪዲዮ ስታዪ ሰውነትሽ ስልኩ ላይ ያለውን ጥይትና ደጅሽ ላይ ያለውን ጥይት አይለይም። የምትሮጪበት ስለሌለ ፍርሃቱ እዚያው ሰውነትሽ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ራስሽን የሚያዞርሽም ሳትተኚ በማደርሽ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስልክሽ ኩሽና ይደር። ለመንቂያ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። ዜና በቀን አንዴ፣ ቀን ላይ፣ ከምታምኚው አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ስሚ። ስለ ወልድያ ደግሞ ከእናትሽ ስሚ። ማታ ማታ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ደውዪላቸው፤ ስትደውዪም «ምን ተሰማ?» ብለሽ አትጀምሪ። ምን በሉ፣ ማን ጠየቃቸው፣ ጉልበታቸው እንዴት ዋለ፣ ጎረቤት ቡና ጠራቸው ወይ፣ እሱን ጠይቂ። መስመሩ ዳግም ቢጠፋ ወሬያቸውን ማን እንደሚያደርስልሽ፣ የትኛው ዘመድ ወይም የትኛው ሹፌር እንደሆነ፣ ስልኩ በሚሠራበት በአሁኑ ጊዜ ተነጋገሩ። ይህን ያህል መሰናዳት ብቻ ከጭንቀቱ ጥቂቱን ያቀለዋል። ሌሊት ስትነቂ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አሳርፊና ትንፋሽሽን ከምታስገቢበት ይልቅ የምታስወጪበትን አርዝሚው። የምትጸልዪ ከሆነ ያ ሰዓት ለጸሎትም ይሆናል። ይህን ሁሉ አድርገሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ቀን ቀንም ልብሽ ያለምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ እዚያ የሚታከመው ግን እንዳንቺ እንቅልፍ ያጣ፣ ጭንቀት የበዛበት ሰውም ነው። ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል ስላላቸው በሚቀርብሽ መጀመር ትችያለሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ በጥቂቱ ልናገር። «እሱ ግን አይደብቀውም» ያልሽው ትክክል ነው፤ አንቺ በዝምታ ስትፈሪ እሱ በጩኸት ይፈራል። ቪዲዮው እየሄደ «አጥፋው» ብትዪው ከስክሪኑ ተነስቶ ካንቺ ጋር ይጀምራል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወይም እሑድ ጠዋት፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ሳለ «አንተ ግን ከሁሉ ነገር የምትፈራው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት ይቆጣል፤ ምናልባት ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሽው የመጀመሪያ እውነተኛ ወሬ ይሆናል። ስለ ድምፁም ቅያሜ ሳታሰሚ ንገሪው። የእትዬን ዘነዘና ወደ እናንተ የሚያሳልፍ ግድግዳ ስድቡንም ወደ እሳቸው እንደሚያሳልፍ እሱ አስቦት አያውቅ ይሆናል። ዩቲዩቡን ካልተወ በማዳመጫ ይስማው።

ልጅሽ ግን አስባዋለች። «ማንም አልነገረኝም» ስትል አልዋሸችሽም። በአንድ በኩል ቴሌቪዥኑ ሲሳደብ ትሰማለች፣ በሌላ በኩል እናቷ ደረጃ ላይ አንገቷን ሰብራ ስታልፍ ታያለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለቱን አገናኝታ የምትደርስበት ድምዳሜ እሱ ነው። የአገሪቱን ፖለቲካ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። «ጠላቶቻችን አይደሉም። እኔ አንድ ቀን ፈርቼ እትዬን የሚያስከፋ ነገር አደረግሁ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ ብዙ ጊዜ ቆየሁ» ብትያት ይገባታል። «ስትወለጂ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው» ብለሽ ንገሪያት፤ አታውቀውም ይሆናል። ይህን ከነገርሻት በኋላ ግን «ታዲያ መቼ ነው ይቅርታ የምትጠይቂያቸው?» ማለቷ አይቀርምና ተዘጋጂ።

እንግዲህ ወደ በሩ ደረስን። ሂጂ ነው የምልሽ። አካሄዱ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ዕርቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሽማግሌ ይዘሽ አትሂጂ። ሽምግልናችንን አከብራለሁ፤ ስንቱን ትዳርና ስንቱን ደም አስታርቋል። ነገር ግን ሦስት አዛውንት ሶፋ ላይ ተቀምጠው «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» ሲሉ የተበደለ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ በአፉ ይቅር ብሎ በሆዱ ይዞት ይቀራል። እትዬ እምቢ የማለት መብት ይኑራቸው። በቡና ሰዓትም አትሂጂ፤ ሌላ ሰው ይኖራል፣ ሰው ፊት ፊታቸውን ሊያጠቁሩብሽ አይወዱም። ልጆች ትምህርት ቤት በዋሉበት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ብቻሽን፣ ልጅሽንም ሳታስከትዪ ሂጂ። ሰፌዱንም አሁን ይዘሽ አትሂጂ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ቆሎ ልትሞዪበት ታስቢ ይሆናል፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ዕቃ መመለስ ሒሳብ መዝጋት ይመስላል፤ ቆሎውም ባንቺ ፈንታ ይናገራል። ባዶ እጅሽን ሂጂና አንቺው ተናገሪ። ሰፌዱ ለሁለተኛው ጊዜ ይቆይ።

ምን ልበል ትዪኝ ይሆናል። በሩን ሲከፍቱልሽ «እትዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ፤ መስማት ካልፈለጉ ይገባኛል፣ እመለሳለሁ» ብለሽ ጀምሪ። ከፈቀዱልሽ አጭር አድርጊው። «ያን ቀን በሬን ሲያንኳኩ ቤት ነበርኩ። ሰምቼዎታለሁ። በስሜ ሲጠሩኝም ሰምቻለሁ። አልከፈትኩም። በድዬዎታለሁ።» እዚህ ላይ ዝም በዪ። «አስቀይሜዎት ከሆነ» አትበዪ፤ እኛ ይህን ሐረግ በጣም እንወደዋለን፣ ነገር ግን በደሉን አጠራጣሪ አድርጎ ያቀርበዋል፤ አንቺ ደግሞ አትጠራጠሪም። «ግን» የምትለዋንም ቃል ደጅ ላይ ትተሻት ግቢ። «በድዬዎታለሁ፣ ግን እናቴም ወልድያ...» ያልሽ እንደሆነ ሁለት ሴቶች የየራሳቸውን ቁስል ይዘው ክርክር ይገጥማሉ። የእናትሽ ነገር እውነት ነው፣ ትልቅም ነው፤ ጊዜውም ይመጣል። እሳቸው «ለምን አልከፈትሽልኝም?» ብለው ከጠየቁሽ ያኔ ንገሪያቸው፤ ፍርሃትሽንም፣ ጠፍቶ የነበረውን ስልክም፣ መቀርቀሪያው ላይ የነበረችውን እጅሽንም። ካልጠየቁሽ በዚያ ቀን ዋጪው።

ምን ይመልሱልሽ ይሆን? ቢቆጡ ቆመሽ ስሚ፤ አራት ዓመት የታመቀ ቁጣ ነው፣ ቢወጣ ለሁለታችሁም ይሻላል። ቢያለቅሱ አብረሽ ማልቀስ አይከለከልም። እኔ ከሁሉ የምፈራልሽ «ኧረ ምንም አይደለም፣ እርሺው» እንዳይሉሽ ነው። ይህ የጨዋ ሰው መሸሸጊያ ነው፤ በሩን በትሕትና ይዘጋል። አትከራከሪያቸው፣ ደግሞም እፎይ ብለሽ አትሂጂ። «ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው እትዬ። ሌላ ጊዜ ሊያነሱት ከፈለጉ እዚሁ ነኝ» በያቸውና ተመለሺ። ጨርሶ ሊሰሙሽ ካልፈለጉም ደጅ አትጥኚ፣ አታስጨንቂያቸው። ደረጃ ላይ ስትገናኙ ግን ያ የአንገት ሰበራ ይቅር። ድምፅሽ እንዲሰማ አድርገሽ «እንደምን አደሩ እትዬ» በዪ፤ ባይመልሱልሽም በማግሥቱ ድገሚው። ለጋሼም እንዲሁ። «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ» የሚለው ቃል አራት ዓመት ዘግይቷል፤ ሆኖም ዛሬም ቢነገር ባዶ ቃል አይሆንም። እሳቸው ሊሰሙት የሚገባው ከአንቺ አፍ ነውና በእትዬ በኩል አትላኪው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እትዬ ይቅር ላይሉሽ ይችላሉ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ያታለልኩሽ ይመስለኛል። የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የመርሳት ዕዳም የለባቸውም። ነገር ግን ያን ምሽት በበሩ ቀዳዳ ያየሽውን ሁሉ ለራሳቸው ለእትዬ ከነገርሻቸው በኋላ፣ ሌሊት የምትሸሺው ነገር በአንድ ይቀንሳል። ዘነዘናውን ስትሰሚ ሆድሽ አሁንም ይረበሽ ይሆናል፤ ያው ረብሻ ግን አይሆንም።

«እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ?» ላልሽው አንድ ነገር ልንገርሽ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢው ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለውና ተፈናቅለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ የተቆጡ ወጣቶች ብድር ሊመልሱ ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል አባት እርጥብ ሳር ይዞ እየለመነ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የሞቱት የራሳቸው የአባቶቹ ወገኖች መሆናቸው ነው። ሐዘኑ የእነሱ ነበር፤ ሐዘናቸውንም አልካዱም፤ በሐዘኑ ስም ሌላ ሰው እንዳይነካ ግን መሬት ላይ ተንበረከኩ። አንቺም የወልድያ ልጅ ነሽ፤ የእናትሽን አበሳ ሳትክጂ ለእትዬ መቆም ትችያለሽ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

እነዚያ አባቶች ብቻቸውን እንዳልወጡም ልብ በዪ። አንቺ ያን ምሽት በሩን ያልከፈትሽው ብቻሽን ስለነበርሽም ነው። ስለዚህ ነገሮች ጸጥ ባሉበት በአሁኑ ሰዓት ከምታምኛቸው ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ጋር ተነጋገሪ። ደረጃው ላይ ዳግም ጫጫታ ቢሰማ፣ የማንም በር ይሁን የማን፣ ቢያንስ ሁለት ሰው አብሮ ይውጣ። መሟገት አይጠበቅባችሁም። መታየት ነው፤ ወዴት እንደሚወስዱት በትሕትና መጠየቅ ነው፤ ሰዓቱን ልብ ማለት ነው፤ የቀረችውን ሚስት ብቻዋን አለማሳደር ነው፤ በማግሥቱ ስንቅ ይዞ አብሯት ጣቢያ መሄድ ነው። ብቻ መውጣት ያስፈራል፤ ሁለት ሆኖ መውጣት ያን ያህል አያስፈራም። ባለቤትሽንም በዚህ ጠይቂው። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚጮኸው እንዲህ ያለ የሚሠራው ነገር አጥቶም ይሆናል።

መጀመሪያ እንቅልፍሽ ትንሽ ይመለስልሽ። አንድ ሳምንት ስልኩ ኩሽና ይደር፤ ደክሞሽና ተረብሸሽ ያን በር አታንኳኪ። ከዚያ አንድ ረፋድ ምረጪ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። በሩን ባይከፍቱልሽም ጻፊልኝ።